ስስ አየር ላይ የፎም አውሮፕላን ማብረር

ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው የሪሞት አውሮፕላን ንድፍ በአብዛኛው የተሠራው ለቆላ አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍም ፕሮፔለርም የሚሠሩት አየር ገፍተው ነውና ሁለቱም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣሉ፤ ሳይወድቅ ለመቆየት የሚያስፈልገው ፍጥነትም 15 በመቶ ያህል ይጨምራል። በንድፉ ልክ ተሠርቶ፣ ሲወረወር ጥቂት ሜትር ሄዶ አፍንጫውን የሚደፋው አውሮፕላን ብዙ ጊዜ የአሠራር ጉድለት የለበትም። ከብዶ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቁራጭ ጀምሮ ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን አጠገባችሁ ይኑር።

ለጀማሪ የሚሻለው ክንፉ ከላይ የሚቀመጥ፣ ከ5 ሚሊ ሜትር ፎም ቦርድ (ሁለቱም ፊቱ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት የፎም ሰሌዳ) የሚሠራ ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 120 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ስፋቱ 24 ካሬ ዴሲሜትር ይመጣል። ባትሪውን ጨምሮ ጠቅላላ ክብደቱ 700 ግራም ላይ ቢቆም፣ በካሬ ዴሲሜትር 29 ግራም ይሸከማል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ባሕር ጠለል ላይ 39 ግራም እንደመሸከም ነው፤ ከዚያ በላይ ለጀማሪ እጅ ይፈጥናል።

ክብደት ሳይታወቅ የሚገባው በሙጫ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ወፍራሙ የግሉ ጋን (ሙጫ አቅልጦ የሚያወጣው መሣሪያ) የሙጫ ዘንግ ብቻውን 18 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አምስት ዘንግ የጨረሰ ሰው ግማሽ ባትሪ የሚያህል ነገር ለጥፏል። ቀጭን መስመር ይበቃል፤ ከመገጣጠሚያው የተረፈውን ሳይደርቅ በካርቶን ቁራጭ ጥረጉት። የአካሉን የውስጥ ወረቀት መላጥም ብዙ ያቀልላል። የክንፉን የውጭ ወረቀት ግን አትንኩት፤ ጥንካሬው ያለው እሱ ላይ ነው።

ለዚህ መጠን 2212 የሚባለው 1000 ኬቪ (ያለ ጭነት በአንድ ቮልት በደቂቃ 1000 ጊዜ የሚዞር) ሞተር፣ ባለ 30 አምፔር ኢኤስሲ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው)፣ አራት ባለ 9 ግራም ሰርቮ (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱ ትንንሽ ሞተሮች) እና ባለ ሦስት ሴል 2200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሊፖ ባትሪ ይበቃሉ። ንድፉ የ9 ኢንች ፕሮፔለር ካለ 10 ኢንች ግጠሙ። ከዚያ በዋትሜትር (ሞተሩ የሚስበውን አምፔርና ዋት በሚያሳየው መለኪያ) ለኩ፤ አምፔሩ ለሞተሩ ከተፈቀደው እንዳያልፍ። ስስ አየር ማቀዝቀዙም ደካማ ስለሆነ ኢኤስሲውን በፎም አፍናችሁ አትዝጉት፤ አየር የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው።

የስበት ማዕከሉ ከክንፉ የፊት ጠርዝ 5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ነው። ባትሪው በቦታው ሆኖ ሁለት ጣት ክንፉ ሥር አድርጋችሁ አንሡት፤ አፍንጫው በጥቂቱ ዘንበል ካለ ደህና ነው። ጭራው ከወረደ መጀመሪያ ባትሪውን ወደ ፊት ግፉ፤ እርሳስ መጨመር የመጨረሻው አማራጭ ነው።

ፕሮፔለሩ ሳይገጠም ከአውሮፕላኑ ኋላ ቆማችሁ መሪዎቹን ፈትሹ። የሪሞቱ ስቲክ ወደ ቀኝ ሲሄድ የቀኙ አይሌሮን (ክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለው መሪ) ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች መሄድ አለበት። ስቲኩ ወደ እናንተ ሲሳብ ኤለቬተሩ (የጭራው አግድም መሪ) ወደ ላይ ይነሣል። ከፊት ሆኖ የሚፈትሽ ሰው ግራና ቀኙ ይምታታበታል፤ አውሮፕላን ገና ከእጅ ሲለቀቅ ተገልብጦ ከሚከሰከስባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ቀጥሎ ሞተሩ እየዞረ ሳለ ሪሞቱን አጥፉት፤ ሞተሩ ወዲያው መቆም አለበት። ካልቆመ ፌይልሴፉ (ከሪሞቱ ጋር ያለው ግንኙነት ሲቋረጥ ሞተሩን የሚያቆመው ቅንብር) አልተስተካከለም፣ አይበርም።

ፈቃድ የሚሰጠውን አካል ሳትጠይቁና ከአየር ማረፊያ ሳትርቁ አታብሩ። ስትወረውሩ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ፣ ሙሉ ጋዝ ሰጥታችሁ፣ አግድም ልቀቁት፤ ወደ ሰማይ መወርወር ፍጥነቱን ይበላዋል። ፍጥነት ሳይዝ አታዙሩት። ሲያርፍም እዚህ ፈጥኖ ስለሚመጣ ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። የበረራውን ሰዓት ቆጣሪ 7 ደቂቃ ላይ ሙሉ። ባትሪው አርፎ ሲለካ ከ3.7 ቮልት በሴል በታች ከሆነ ጊዜውን ቀንሱ፤ ለቀናት የሚቀመጥ ከሆነ 3.8 ላይ አድርጉት፤ ያበጠውን ግን ደግማችሁ ቻርጅ አታድርጉት።

ሲሰበር ስባሪዎቹን ሁሉ ሰብስቡና ያለ ሙጫ ግጠሟቸው። ለተሰበረ አካል ሁለት ቀጭን የቀርከሃ እንጨት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ግማሹ ወደ አንዱ ግማሹ ወደ ሌላው ስባሪ ይግባ፤ ከዚያ ቀጭን ሙጫ። ነጩ ስታይሮፎም ከሆነ ተራ ሱፐር ግሉ ያቀልጠዋልና ለፎም የሚሆነውን ተጠቀሙ። ጭራ ሲጠገን ሒሳቡን አስቡ፦ ጭራው ከስበት ማዕከሉ 60 ሴንቲ ሜትር፣ አፍንጫው 20 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ጭራ ላይ የተጨመረ 20 ግራም ሙጫ አፍንጫ ላይ 60 ግራም ይጠይቃል። አውሮፕላኑ በአንድ ጥገና 80 ግራም ከበደ ማለት ነው። ጭራውን እንደ አዲስ ቆርጦ መቀየር ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ጫፉ የተፈነቀለ ፕሮፔለር አይለጠፍም፣ ይጣላል። የሞተሩን ዘንግ በእጅ እያዞራችሁ ከጎን ተመልከቱ፤ ከተወላገደ ንዝረቱ ሌላውን ሁሉ ያላላል። ሰርቮዎቹን ባትሪው ተነቅሎ በእጅ ቀስ አድርጋችሁ ከዳር እስከ ዳር አንቀሳቅሷቸው፤ አንድ ቦታ ላይ ቀጭ ብሎ የሚዘል ሰርቮ ጥርሱ ረግፏል።