እንጨት ወይስ ጋዝ? የሳሎኑ ፋየርፕሌስ ጣጣ

ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨር አካባቢ የቆየ ቤት የገዛ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ባለጡብ ፋየርፕሌስ፣ ማለትም የግድግዳ እሳት ምድጃ፣ ቢያገኝ አይገርመውም። ኦሮራም ሆነ ሌክውድ፣ በ1970ዎቹ የተሠሩ ብዙ ቤቶች አላቸው። ቤቱን ስናይ ሁላችንም እናደንቀዋለን፣ ፎቶም እንነሳበታለን። ከዚያ የመጀመሪያው በረዶ ይጥላል። አንዱ ጓደኛ «ለምን ወደ ጋዝ አታዞረውም?» ይላል፣ ሌላው «አብደሃል እንዴ፣ እሳት ማለት እንጨት ነው» ይላል፣ በቃ ክርክር ተጀመረ። እኛ ቤት ባለቤቴ የእንጨት ወገን ነበረች፣ እኔ የጋዝ። ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ የማንም ወገን አልነበረችም፤ ደብረ ብርሃን ያደገች ሴት ስለ ብርድና ስለ እሳት የማንንም አስተያየት አትጠብቅም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለአብዛኞቻችን፣ ማለትም በሁለት ፈረቃ ለሚሠራ፣ ልጅ ለሚያሳድግ፣ ማታ ድክም ብሎት ለሚገባ ሰው፣ ጋዝ ይሻላል። ግን ጋዝ የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም፣ እሱን ወደ በኋላ አነሳዋለሁ። እንጨት አልተውም የሚል ደግሞ መብቱ ነው፤ ብቻ አፉን የከፈተውን ምድጃ በር ባለው ይቀይረው። ከሁሉም የከፋው ያለውን እንዳለ ትቶ «ቤቴን ያሞቅልኛል» ማለት ነው።

ምክንያቱም ክፍት ፋየርፕሌስ ቤት አያሞቅም። ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ያሞቃል፣ እሱንም በአንድ ጎኑ። እናቴ እሳቱ አጠገብ ትንሽ ቆየችና «ፊቴ ተጠበሰ፣ ጀርባዬን በረደኝ» አለች። ከዚያ ተነስታ የነጠላዋን ጫፍ በመስኮቱ ክፈፍ ሥር ያዘች። ጨርቁ ወደ ውስጥ ተርገበገበ። «ይኸው፣ ይሄ እሳታችሁ ብርዱን ከውጭ እየጠራ ያስገባዋል» አለችኝ።

ልክ ናት። እሳቱ የሚነደው በሳሎኑ አየር ነው፤ የሞቀውን አየር ከጭሱ ጋር በጭስ ማውጫው ይዞት ይወጣል። የወጣው አየር መተካት አለበትና ቀዝቃዛው በመስኮት ስንጥቅ፣ በበር ሥር፣ ባገኘው ቀዳዳ ይገባል። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው አንድ ክፍት ፋየርፕሌስ በሰዓት እስከ 24,000 ኪዩቢክ ጫማ አየር ወደ ውጭ ሊያስወጣ ይችላል። ያ አየር እኮ በማሞቂያው ከፍላችሁ ያሞቃችሁት ነው! እሳቱ የሚያፈልቀው ሙቀትም አብዛኛው ሽቅብ ነው የሚሄደው፤ ለክፍሉ የሚተርፈው ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ቢሆን ነው። እናቴ በዚህ አልተደነቀችም። ባላገር ቤት ምድጃው መሀል ላይ ነው፣ ጭሱ ዓይን ያጠፋል እንጂ ሙቀቱ የትም አይሄድም።

እሺ፣ እንጨቱን እንየው። ጥሩነቱን አልክድም። ሽታው፣ ጭራሮው ሲንጣጣ መስማቱ፣ ፍሙን ከቦ መጫወቱ፣ እነዚህን ጋዝ አይሰጥም። ኮሎራዶ ውስጥ እንጨት እንደ ልብ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተራራው ላይ ያለውን ጥድ ጥንዚዛ ጨርሶታል፣ ቆሞ የደረቀው ግንድ ብዙ ነው። ጉልበትና ፒክአፕ ያለው ሰው ከደን አገልግሎቱ በትንሽ ገንዘብ ፈቃድ ገዝቶ ራሱ ቆርጦ ያመጣል። መብራት ቢጠፋም የእንጨት እሳት አይጠፋም።

ግን የሚገዛ ሰው ዓይኑን ይክፈት። እንጨት እዚህ የሚሸጠው በኮርድ ነው። አንድ ኮርድ ማለት 4 ጫማ ቁመት፣ 4 ጫማ ስፋት፣ 8 ጫማ ርዝመት ያለው በደንብ የተደረደረ ክምር ነው፣ 128 ኪዩቢክ ጫማ። በትንሽ ፒክአፕ አንዴ ጭኖ መጥቶ «ይኸው ሙሉ ኮርድ» የሚላችሁ ሻጭ እየቀለደ ነው። አስደርድሩትና በሜትር ለኩት፣ ቅር ቢለው ቅር ይበለው።

ሁለተኛው ነገር እርጥበት ነው። «ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል» የሚለው ተረት እዚህ ምድጃ ላይ አይሠራም። እርጥቡ ሙቀቱን ሁሉ ውኃውን ለማትነን ያባክንና እየታፈነ ይጨሳል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ የሚለካው መሣሪያ ሃርድዌር ሱቅ በርካሽ ይገኛል። ፍልጡን ለሁለት ሰንጥቃችሁ ውስጡን ለኩ፣ ላዩን አትመኑት።

እርጥብ እንጨት አየር አጥቶ ቀስ እያለ ሲነድ ጭሱ ጭስ ማውጫው ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ክሪዮሶት ይሉታል። ጠራጊው ወደ ላይ ካሜራ ሰዶ ስልኩ ላይ ሲያሳየን ተራ ጥቀርሻ አልነበረም፤ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ሬንጅ ግድግዳውን የያዘ ነገር ነበር። ከሥሩ ያለው የሸክላ ቱቦም አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ክሪዮሶቱ ራሱ ይነዳል። እሳቱ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይነሳና በስንጥቁ አልፎ የጣሪያውን እንጨት ይይዛል። ለዚህ ነው የእሳት መከላከያ ደንቡ ጭስ ማውጫ በየዓመቱ ይታይ የሚለው። ቤቱን ስንገዛ የመረመረልን ሰው «ያለ ይመስላል» ብሎ ነበር ያለፈው። የቤት ኢንስፔክሽንና የጭስ ማውጫ ምርመራ ለየቅል ናቸው፣ ለሁለተኛው ባለሙያውን ለብቻ ጥሩ።

አመዱም አለ። እኛ እኮ ማታ እሳት ዳፍነው ጠዋት ፍሙን ጭረው የሚያቀጣጥሉ እናቶች ልጆች ነን፤ አመድ ሥር ፍም እንደሚያድር ለእኛ አይነገርም። እዚህ ግን አመዱን በካርቶን ዝቆ ጋራዥ ውስጥ የሚያስቀምጥ አበሻ አይቻለሁ። ክዳን ያለው የብረት ባልዲ ግዙ፣ ከቤቱም ከበረንዳውም ራቅ አድርጋችሁ ውጭ አስቀምጡት፣ ቀናት ይቆይ።

ባለቤቴን ትንሽ ያላላት ግን ይሄ ሁሉ አልነበረም፣ የጭስ ክልከላው ነው። ዴንቨር ክረምት ላይ አየሩ ይታፈናል፤ ቀዝቃዛው አየር ሥር ይተኛል፣ የሞቀው ከላይ ይከድነዋል፣ ጭሱም መውጫ ያጣል። ስለዚህ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ባለው ጊዜ አየሩ የከፋ ዕለት ክልከላ ይታወጃል፣ ክፍት ፋየርፕሌስ ማንደድም አይቻልም። ፈቃድ ያለው ዘመናዊ የእንጨት ስቶቭ፣ ሌላ ማሞቂያ የሌለው ቤት፣ እንዲሁም ከ7,000 ጫማ በላይ ያለ ቤት ይታለፋሉ። እና ልብ በሉ፣ ክልከላው የሚመጣው አየሩ ቀዝቅዞ ጸጥ ሲል ነው፣ እሳት በሚያምርበት ቀን ማለት ነው። ልጁ አስም ላለበት ቤተሰብ ደግሞ የእንጨት ጭስ ደቃቅ ብናኝ ብቻውን ክርክሩን ይዘጋዋል።

እንዲያም ሆኖ እንጨት አንተውም ካላችሁ፣ ምድጃው ውስጥ የሚገባ በር ያለው የብረት ስቶቭ አለ፣ ኢንሰርት ይሉታል። አየር የሚገባበት መጠን ስለሚገደብ እንጨቱ ቀስ ብሎ በደንብ ይነዳል። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ያጸደቃቸው ከእንጨቱ ጉልበት 70 በመቶና ከዚያ በላይ ለቤቱ የሚሰጡ አሉ። ይሄኛው ቤት ያሞቃል። ከመግዛታችሁ በፊት ለቤት ኢንሹራንሳችሁ ደውሉ፣ ስለ እንጨት ስቶቭ የሚጠይቁት ነገር አላቸው።

ወደ ጋዙ። ሰው «ጋዝ አስገባሁ» ሲላችሁ የትኛውን ብላችሁ ጠይቁ። ርካሹ የድሮው ምድጃ ላይ የሸክላ እንጨት መሰል ነገር ደርድሮ ከሥሩ ጋዝ መልቀቅ ነው። ያምራል፣ ግን ጭስ ማውጫው ክፍት ነው፤ የጭስ ማውጫው የብረት ክዳን እንዳይዘጋ ማገጃ ይገባበታል። ስለዚህ ሙቀቱ እንደ በፊቱ ሽቅብ ይሄዳል፣ አሁን ደግሞ የጋዝ ቢል ተጨምሮበት። ለዓይን ብቻ ከሆነ ይሁን።

ሌላው ጭራሽ ጭስ ማውጫ የማይፈልገው ነው። ሻጮቹ «ሙቀቱ መቶ በመቶ ቤት ውስጥ ይቀራል» ይሏችኋል፣ እውነት ነው፣ የተቃጠለው ጋዝም አብሮ ይቀራል። እንፋሎቱም እንዲሁ። ካሊፎርኒያ መኖሪያ ቤት ውስጥ እንዳይገባ ከልክላዋለች። እኔ ልጆቼ የሚጫወቱበት ሳሎን ውስጥ አላስገባውም።

የምመክረው ዳይሬክት ቬንት የሚባለውን ነው፤ በመጨረሻ እኛም ያስገባነው እሱን ነው። ፊቱ በመስታወት ጥርቅም ብሎ የታሸገ ነው። እሳቱ አየር የሚስበው ከውጭ ነው፣ የሚተፋውም ወደ ውጭ፤ የሳሎኑን አየር አይነካም። የድሮ ጭስ ማውጫ ካላችሁ ሁለት ተጣጣፊ ቱቦ ከላይ እስከ ታች ይወርድበታል፣ አንዱ ማስገቢያ፣ አንዱ ማስወጫ። የተሰነጠቀው ሸክላችንም በዚህ ተገላገለ፣ ጭስ አይነካውማ። የእናቴ ነጠላም መስኮቱ ሥር ጸጥ አለ፣ ሄዳ ሞክራዋለች።

መስታወቱ ግን ያቃጥላል፣ በጣም። ከጠፋም በኋላ ቶሎ አይበርድም። ከ2015 ወዲህ የተመረቱት ፊታቸው ላይ የመከላከያ ወንፊት አብሯቸው ይመጣል፤ የቆየ ከሆነ ግን ላይኖረው ስለሚችል መዳህ የጀመረ ልጅ ያለው ሰው ገዝቶ ያስገጥም። «አያምርም» ብሎ ወንፊቱን ያነሳ ሰው አውቃለሁ። እኔ ምን ልበል።

የማንደጃ ወጪው በቀላሉ ይሰላል። 30,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) የሚል ፋየርፕሌስ በሙሉ ኃይሉ አንድ ሰዓት ሲነድ 0.3 ቴርም ይበላል፤ ቴርም ጋዝ ቢል ላይ የሚቆጠርበት መለኪያ ነው። ቢላችሁ ላይ ቴርሙ ከነማድረሻው 1 ዶላር ቢመጣ፣ ሰዓቱ 30 ሳንቲም ነው። ማታ ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል ብታነዱት ከማኪያቶ ያንሳል። ኪስ የሚነካው ማስገጠሚያው ነው፤ መሣሪያው፣ ቱቦው፣ የጋዝ መስመሩ፣ ሠራተኛው ሲደመር ሺዎች ውስጥ ይገባል። እኛም ያዘገየን እሱ ነው።

ከፍታውንም አትርሱ። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ የጋዝ መሣሪያ ሙሉ ጉልበቱን አያወጣም። የተለመደው ስሌት ከ2,000 ጫማ በላይ ለሆነ ቦታ፣ ከባሕር ጠለል ጀምሮ በየ1,000 ጫማው 4 በመቶ መቀነስ ነው፤ ዴንቨር 5,280 ጫማ ላይ ስለሆነች ከካታሎጉ ላይ አንድ አምስተኛውን ቀንሱ። ቴክኒሽያኑም የጋዝ ማፍሰሻ ቀዳዳውን ለከፍታው በሚሆነው መቀየር አለበት። ካልቀየረው ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ መስታወቱን ጥላሸት ያለብሰዋል። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ከዚህም በብዙ ትበልጣለች፣ እኛን «የተራራው ከተማ» እያሉ የሚያስፈራሩን ዴንቨሮች ይሄን ቢያውቁ ጥሩ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? የቤቱ ትልቁ የጋዝ ማሞቂያ በኤሌክትሪክ ማራገቢያ ስለሚሠራ አብሮ ይቆማል። ፋየርፕሌሱ ግን እንደ አቀጣጠሉ ነው። ሁልጊዜ የምትነድ ትንሽ ነበልባል (ፓይለት ይሏታል) ያለው በራሷ ሙቀት የሚበቃውን ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ መብራት አይፈልግም። በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚቀጣጠለው ጋዝ ይቆጥባል፣ ግን ባትሪ የሚገባበት ቦታ እንዳለው አረጋግጡ። በ2021 ፌብሩዋሪ ቴክሳስ ላይ መብራት ጠፍቶ ሰው ቤቱ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ያየ ሰው ይሄን ጥያቄ አይንቀውም።

ያኔ ቴክሳስ ውስጥ ሰው የገደለው ብርዱ ብቻ አልነበረም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ነው። አገር ቤት በርና መስኮቱ ተዘግቶ ከሰል ያደረበት ቤት ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ስለዚህ ቡና ለማፍላትም ቢሆን ከሰል ቤት ውስጥ የለም። «ፋየርፕሌሱ ውስጥ ባደርገው ጭሱ ይወጣ የለ?» የሚል አለ። ነበልባል የሌለው ፍም ጭስ ማውጫውን ስለማያሞቀው መርዙ ተመልሶ ሳሎን ይገባል፣ ሽታም የለው። ኮሎራዶ ውስጥ ፋየርፕሌስ ያለው ቤት ሲሸጥ ወይም ሲከራይ በመኝታ ክፍሎቹ 15 ጫማ ርቀት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም መኖር አለበት፣ ከ2009 ጀምሮ ሕግ ነው። የሚጮኸውን ነገር ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ የሚከት ሰው ካለ ዛሬውኑ ይመልሰው።

ዋጋ ማስጠየቅ ካሰባችሁ በሜይ ወይም በጁን ይሁን። ኦክቶበር ላይ ሁሉም ሰው በአንዴ ይደውላል፣ ቀጠሮውም ይርቃል፣ ሠራተኛውም ይጣደፋል። የሚሰጧችሁ ዋጋ ውስጥ የከተማው ፐርሚት፣ የጋዝ መስመሩና የከፍታው ማስተካከያ መግባታቸውን በጽሑፍ አስይዙ። «ፐርሚት አያስፈልገውም፣ በካሽ እንጨርሰው» ያላችሁን ሰው ከበር መልሱት፤ ቤቱን ስትሸጡ የገዢው ኢንስፔክተር መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ወረቀት ነው።