ካንጋሩ ፖው በመረሬ አፈር ላይ፦ በሜልበርን ምዕራብ የሠራውና የከሸፈው

በሜልበርን ምዕራባዊ ሰፈሮች ጓሮውን የቆፈረ ሰው አፈሩን አይረሳውም። ከጥንት የእሳተ ገሞራ ዐለት የተሠራ ከባድ ሸክላ ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ በክረምት ጫማ ይዞ ይቀራል። አገር ቤት መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለውን የሚያውቅ ወዲያው ይለየዋል። ካንጋሩ ፖው የሚባለው የአበባ ተክል ግን ትውልዱ ከምዕራብ አውስትራሊያ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ነው፤ ብዙዎቹ ዝርያዎቹ የለመዱት ውሃ የማይቋጥር አሸዋ ነው። ሁለቱን ለማስታረቅ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት መደብ ሠርቼ ዐሥራ አራት ችግኝ ተክያለሁ። አምስቱ ሞተዋል። በውሃ ጥም የሞተ የለም፤ ሦስቱ ሥራቸው በስብሶ ነው፣ ሁለቱ ደግሞ ለዚህ አፈር የማይሆን ዝርያ ስለነበሩ።

ስለዚህ ከቁፋሮው በፊት የችግኙን መለያ ማንበብ ይቀድማል። መለያው ላይ ያለው ፎቶ ብዙ አይነግርም፤ የሚነግረው ወላጁ ነው። አኒጎዛንቶስ ማንግሌሲ የሚባለው ቀይና አረንጓዴው ካንጋሩ ፖው ከ1960 ጀምሮ የምዕራብ አውስትራሊያ አርማ የሆነ እጅግ ውብ አበባ ነው፤ በጓሮ ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለትና ሦስት ዓመት አያልፍም፣ የቅጠል ጥቁር ነጠብጣብ በሽታም ቶሎ ያጠቃዋል። አኒጎዛንቶስ ፍላቪደስ ደግሞ በተፈጥሮው እርጥበት ባለበት ቦታ ጭምር የሚበቅል ረጅም፣ ጠንካራ ዝርያ ነው። የፍላቪደስ ደም ያለባቸው ዲቃላዎች ሸክላን ይችላሉ፣ ለዓመታትም ይኖራሉ። ቢግ ሬድ፣ ቢጫው ቡሽ ዶውን፣ እንዲሁም አዳቃዩ አንገስ ስቱዋርት ያወጣቸው ላንድስኬፕ የሚባሉት ተከታታይ ዝርያዎች ከዚህ ወገን ናቸው። መለያው ወላጁን ካልጻፈ ቁመቱን ተመልከቱ። የአበባው ዘንግ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ይደርሳል ካለ በአብዛኛው የፍላቪደስ ልጅ ነው። ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሉት ድንክዬዎች መሬት ላይ ሳይሆን ማሰሮ ውስጥ ቢቀመጡ ይሻላቸዋል።

አፈሩን ለመፈተን ሁለት ነገር አደረግኩ። አንደኛው፣ የአተር ፍሬ የሚያክል ደረቅ የአፈር ጓል የዝናብ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ጥሎ ሳያማስሉ ለ24 ሰዓት መተው ነው። ጓሉ ዙሪያ ውሃው እንደ ወተት ከደፈረሰ ጂፕሰም የሚባለው ሸክላን የሚያላላ የማዕድን ዱቄት ይረዳል። ጓሉ ፈርሶ ውሃው ግን ጥርት ብሎ ከቀረ ጂፕሰም መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ የሚያስፈልገው ብስባሽ ብቻ ነው። የኔ ደፈረሰ። ሁለተኛው የማጠንፈፍ ፈተና ነው፦ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ በውሃ መሙላት፣ ሲጎድል እንደገና መሙላት፣ ከዚያ በሰዓት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወርድ በማስመሪያ መለካት። በሰዓት ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር የማይወርድ ከሆነ ጉድጓድ ቆፍሮ መትከል ባልዲ ውስጥ እንደ መትከል ነው። የኔ በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አልሞላም፤ ስለዚህ መደቡን ከፍ ማድረግ ግዴታ ሆነ።

የመጀመሪያው መደብ የከሸፈው እዚህ ላይ ነው። የተገዛ አሸዋማ አፈር በጠንካራው ሸክላ ላይ እንዲሁ ተከመረ። ውሃው አሸዋውን አልፎ ሸክላው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ሥሮቹ በጁላይ የተኙት በዚያ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነበር። በሁለተኛው መደብ ሸክላውን ከስፍራው ሳላወጣ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል በዶማ ሰበርኩት፤ በካሬ ሜትር አንድ ኪሎ ጂፕሰም በትኜ፣ ውሃ አጠጥቼ አንድ ወር ተውኩት። ከዚያ ከተሰበረው አፈር አንድ እጅ፣ ከአሸዋማው አፈር ሁለት እጅ ቀላቅዬ ከመርኩ። ርዝመቱ ሦስት ሜትር፣ ወርዱ አንድ ተኩል፣ መካከሉ ላይ ከፍታው 35 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ጉብታ አንድ ሜትር ኩብ ያህል ይበቃል። ጉብታው በመጀመሪያው ዓመት ስለሚሰምጥ ከሚፈለገው ከፍታ አንድ አምስተኛ አስበልጦ መከመር ያስፈልጋል። በታችኛው ወገን ውሃ የሚወስድ ጥልቀት የሌለው ቦይ አስወጣሁለት። በመረሬ መሬት ላይ ሹሩቤ የሚባለውን ውሃ የሚያጠነፍፍ ትልም የሚያወጣ ገበሬ ለዚህ ማብራሪያ አያሻውም።

በመትከያ ጊዜ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሜልበርን የብርድ ወራት ጁን፣ ጁላይና ኦገስት ከአገር ቤት ክረምት ጋር ስለሚገጥሙ እጃችን በልማድ ወደ ችግኝ ይሄዳል። እዚህ ግን ያኔ አፈሩ ቀዝቅዞ ውሃ ጠግቧል፣ ሥር አይንቀሳቀስም። ከማርች አጋማሽ እስከ ሜይ መጀመሪያ ያለው ይሻላል፤ አየሩ ለዝቦ መሬቱ ገና ሙቀቱን ይዟል፣ ተክሉ ከመጀመሪያው የ40 ዲግሪ ቀን በፊት ስድስት ወር ያህል ሥር መስደጃ ያገኛል። ይህ ካመለጠ ሴፕቴምበር ሁለተኛ ምርጫ ነው፤ በዚያ በጋ ግን ውሃ ማቋረጥ የለም።

አተካከሉ ራሱ ቀላል ነው። የ140 ሚሊ ሜትር ማሰሮ ችግኝ በቂ ነው፤ ትልልቆቹ ውድ ከመሆናቸው በላይ ሥራቸው ብዙ ጊዜ በማሰሮው ውስጥ ተጠምጥሞ ይገኛል። ችግኙን አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ባልዲ ውሃ ውስጥ መንከር፤ ጉድጓዱን በማሰሮው ጥልቀት ልክ፣ በስፋት ግን እጥፍ መቆፈር፤ የተጠመጠመ ሥር ካለ በጣት መፍታት። ቅጠሎቹ የሚነሱበት አንገት ከአፈሩ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መቅረት አለበት፣ ከተቀበረ ይበሰብሳል። በረጃጅሞቹ መካከል 80 ሴንቲ ሜትር ተውኩ። አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሸካራ ጉዝጓዝ ከአንገቱ አንድ ስንዝር አራቅኩ። ውሃው በተከላው ቀን አምስት ሊትር፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ዝናብ ካልጣለ በሳምንት ሁለቴ፣ በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንዴ ዐሥር ሊትር ለእያንዳንዱ ነው። ከሁለተኛው በጋ በኋላ በደረቅ ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ ይበቃዋል። በቪክቶሪያ ቋሚ የውሃ ደንብ መሠረት የተዘረጋ የጠብታ መስኖ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ብቻ ነው የሚከፈተው፤ መዝጊያ አፍ ያለው የእጅ ጎማ ግን ሁል ጊዜ ይፈቀዳል።

ስለ ማዳበሪያ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ብዙ ተክል የሚገደለው በዚህ ነውና። «የአውስትራሊያ አገር በቀል ተክል ሁሉ ፎስፈረስ ይጠላል» የሚባለው ትክክል አይደለም። ካንጋሩ ፖው መጠነኛ ምግብ ይወዳል፤ ለአገር በቀል ተክሎች የተዘጋጀ ቀስ ብሎ የሚሟሟ ማዳበሪያ በመጸው መጀመሪያ (ማርች) እና በጸደይ (ሴፕቴምበር) አንዳንድ እፍኝ ሲያገኝ የአበባው ዘንግ ይበዛል። ፎስፈረስ የሚገድለው ግሬቪሊያና ባንክሲያ የሚባሉትን የአውስትራሊያ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ከነዘመዶቻቸው ነው። እነዚህ ፎስፈረስ በጣም ጥቂት በሆነበት አሮጌ አፈር ላይ ስለኖሩ እንደ ብሩሽ የተሰባጠሩ ልዩ ሥሮች አሏቸው፤ ሥሮቹ ያገኙትን ሁሉ ይስባሉ፣ ሲበዛባቸው ማቆም አይችሉም። ምልክቱ የአዲሶቹ ቅጠሎች ደም ሥር አረንጓዴ እንደሆነ በመካከሉ ያለው መቢጨቱ፣ የአሮጌዎቹ ቅጠሎች ጫፍ ደግሞ እንደ ተቃጠለ መጥቆሩ ነው። ዳፕ እየበተነ ያደገ ሰው ማዳበሪያና ፎስፈረስን አንድ አድርጎ ቢያይ አይገርምም። ለግሬቪሊያ ግን ከረጢቱ ላይ ኤን፣ ፒ፣ ኬ ከሚሉት ቁጥሮች ፎስፈረስን የሚያሳየው ፒ ከ2 በመቶ በታች መሆን አለበት። የዶሮ ፍግ ከአጠገቡ አይድረስ።

ግሬቪሊያ ስንል ለኛ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ የቡና ጥላ ሆኖ የሚተከለው ግራቪሊያ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ግሬቪሊያ ሮቡስታ፣ ትውልዱ ከምሥራቅ አውስትራሊያ ነው። የአውስትራሊያ ችግኝ አፍሊዎች በሸክላ አፈር ላይ የሚያስቸግሩ ግሬቪሊያዎችን ግራፍት የሚያደርጉት፣ ማለትም ቅርንጫፋቸውን አጣብቀው የሚያሳድጉት፣ በዚሁ ዛፍ ሥር ላይ ነው። ከአበባ ግሬቪሊያዎች ሮቢን ጎርደን ዛሬም ዓመቱን ሙሉ በማበብ የሚወዳደረው ጥቂት ነው፤ በ1960ዎቹ ኩዊንስላንድ ውስጥ ከግሬቪሊያ ባንክሲና ከግሬቪሊያ ቢፒናቲፊዳ የተዳቀለ ነው። ስትከረክሙት እጅጌ ልበሱ፤ በአንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ከባድ ሽፍታ ያወጣል።

ወደ ካንጋሩ ፖው ልመለስ። ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነው፣ እያንዳንዱ ማራገቢያም በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያብበው። ስለዚህ የደረቀውን ዘንግ ብቻ መቁረጥ ግማሽ ሥራ ነው፤ ያበበው ማራገቢያ ራሱ ከሥሩ መወገድ አለበት። ረጃጅሞቹ ፍላቪደሶች ሦስት ዓመት ሲሞላቸው አበባው ካለቀ በኋላ ሙሉ ቁጥቋጦውን ከመሬት ዐሥር ሴንቲ ሜትር ላይ እቆርጠዋለሁ። ለማየት ያስጨንቃል፣ ግን ንጹሕ ቅጠል ይዞ ይመለሳል። ጥቁር ነጠብጣቡ ኢንክ ስፖት ይባላል፤ ፈንገስ ነው፣ ብርድና እርጥበት ሲገናኙ ከቅጠሉ ጫፍ ይጀምራል። መድኃኒት ከመርጨት ይልቅ የታመመውን ቆርጦ በቆሻሻ መጣያ ማስወገድ፣ ተክሎቹን ማራራቅና ውሃን ከላይ አለማፍሰስ ይሠራል። ቀንድ አውጣ ለጋውን ማራገቢያ ይወዳል፤ በጸደይ ምሽት በባትሪ መልቀም ከሁሉ ይሻላል።

አዲስ የወጡትን በተመለከተ፣ ልብ የሚሰርቀው በፐርዝ ኪንግስ ፓርክ የተዳቀለው ማስከሬድ ነው፤ ወደ ሰማያዊ ሐምራዊ የሚያደላ ካንጋሩ ፖው ከዚያ በፊት በገበያ አይታወቅም ነበር። ጄራልተን ዋክስ ከሚባለው የምዕራብ አውስትራሊያ የአበባ ቁጥቋጦ ወገን ደግሞ ማይ ስዊት ሲክስቲን አለ፤ አበባው ነጭ ሆኖ ፈክቶ እያደር ወደ ደማቅ ሐምራዊ ቀይ ስለሚለወጥ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሦስት ቀለም ይታያል። ሁለቱንም በዚህ ሸክላ ውስጥ አላስገባም። የ30 ሴንቲ ሜትር ማሰሮ፣ ቀይ የአውስትራሊያ ደረጃ ምልክት የታተመበት የማሰሮ አፈር፣ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ። የአፈሩን ከረጢት ስትከፍቱ አፍንጫና አፋችሁን በጭምብል ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ፣ አፈሩን አርጥቡት፤ ሊጂዮኔላ ሎንግቢቺ የሚባል የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።

አዳዲሶቹ መለያቸው ላይ የአዳቃይ መብት ምልክት አላቸው። በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ጥበቃው ለ20 ዓመት፣ ለዛፎች ለ25 ዓመት ይቆያል። ያደገውን ቁጥቋጦ በራስ ጓሮ ለራስ ከፋፍሎ መትከል አይከለከልም፤ ያለ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ ግን፣ ለማኅበር ባዛር እንኳ ቢሆን፣ ክልክል ነው።

ክፍፍሉ የሚደረገው በኤፕሪል ነው። ቁጥቋጦውን በአካፋ ነቅሎ እያንዳንዱ ክፋይ ቢያንስ ሦስት ማራገቢያና የራሱ ሥር እንዲኖረው በስለታም ቢላ መክፈል፣ ቅጠሉን አንድ ሦስተኛው ብቻ እስኪቀር ማሳጠር፣ በዚያው ቀን መትከል። ባለፈው ኤፕሪል ከአንድ የአራት ዓመት ቢግ ሬድ ስድስት ክፋይ ወጣ፤ ሁለት ማራገቢያ ብቻ ከነበረው ከአንዱ በቀር አምስቱ ይዘዋል።