«ድራግ ኦን» እና አላልቅ ያለ ነገር

አንድ ነገር ከልክ በላይ ረዝሞ ሲያሰለች እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ድራግ ኦን» ይላሉ። «ዘ ሚቲንግ ድራግድ ኦን» ቢሏችሁ ስብሰባው ተንዛዛ ማለታቸው ነው። «ድራግ» ብቻውን መጎተት ነው። «ኦን» ደግሞ እዚህ ቦታ «ላይ» ማለት አይደለም፤ በ«ጎ ኦን» እና በ«ኪፕ ኦን» እንደምናየው መቀጠልን ይነግረናል።

ንግግር፣ ፊልም፣ ድርድር፣ የፍርድ ቤት ክርክር፣ ጦርነት ሁሉ በዚህ ግሥ ይነገራሉ። ወሳኙ የሰዓቱ ብዛት ሳይሆን የሰሚው ስሜት ነው። ስድስት ሰዓት የፈጀ ግብዣ ደስ ብሏችሁ ከወጣችሁ «ድራግድ ኦን» አትበሉ፤ ሰለቸን ማለት ይሆናል።

አማርኛ ተናጋሪን አብዝቶ የሚያሳስተው «ተንዛዛብኝ» የሚለው አነጋገራችን ነው። «ብኝ»ን ይዘን ስንሻገር «ድራግድ ኦን ሚ» እንላለን። ይህ ስህተት ነው፤ ግሡ ተሻጋሪ ስላልሆነ ተሳቢ አይከተለውም። በዚያው ምክንያት በዚህ ትርጉሙ «ወዝ ድራግድ ኦን» ብሎ ተገብሮ ማድረግም አይቻልም። ነገሩን ሆን ብሎ ያራዘመ ሰው ካለ «ድራግ አውት» ነው የሚባለው፤ እሱ ተሳቢ ይወስዳል፦ «ዴይ ድራግድ አውት ዘ ቶክስ»፣ ድርድሩን አጓተቱት። በአንድ ዓይነት ድምፅ ሳያቋርጥ ስለሚያወራ ሰው ግን «ድሮን ኦን» ይሻላል፦ «ሂ ድሮንድ ኦን አባውት ሂዝ ጆብ»።

ርዝመቱን ለመናገር «ፎር» ይጨመራል፦ «ኢት ድራግድ ኦን ፎር ስሪ አወርስ»። እስከ መቼ እንደዘለቀ ለመናገር «አንቲል ሚድናይት» ወይም «ኢንቱ ዘ ናይት» ይባላል። ምሬቱ ሲብስ «ድራግድ ኦን ኤንድ ኦን»። ገና ስላልተጀመረ ነገር ግን አይሆንም፤ ለእሱ «ዲሌይድ» አለ።

አነባበቡ ላይ «ድራጊድ» አትበሉ። «ድራግድ» በአንድ ትንፋሽ ይወጣል፤ ከ«ኦን» ጋር ሲገናኝ «ድራግ ዶን» ይመስላል፣ ጠበቅ ተደርጎ የሚነገረውም «ኦን» ነው። በኃላፊ ጊዜና በ«አይኤንጂ» ሲጻፍ «ጂ» ፊደል ይደገማል።

«ሂ ቱክ ኤ ድራግ ኦን ሂዝ ሲጋሬት» የሚል ካነበባችሁ ከመሰልቸት ጋር አይገናኝም። እዚያ «ድራግ» ስም ነው፤ ሲጋራውን አንዴ ሳበ ማለት ነው።