ፓኔል ከመግዛታችሁ በፊት የማከፋፈያ ቦርዱን ተመልከቱ

የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ያለ ጤና ጣቢያ ሶላር የሚያስፈልገው በዋናነት መብራት ሲጠፋ የማዋለጃ ክፍሉ እንዳይጨልም ነው። ዕቃው ሁሉ በዚህ ዓላማ ይመረጥ።

ትልቁ ስህተት የፓኔሉን ኤሌክትሪክ ለዕቃዎች ወደሚስማማው በሚቀይረው መሣሪያ፣ በኢንቨርተሩ ላይ ነው። ያለ ባትሪ ከመብራት ኃይል መስመር ጋር ብቻ የሚሠራው ዓይነት መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ እንዳይሞት ሆን ተብሎ እንዲህ ተሠርቷል። ፀሐይ በጠራራ ቀትር እያለች ሕንፃው ይጨልማል። የሚያስፈልገው ባትሪ የሚቀበል ሃይብሪድ ኢንቨርተር ነው።

ከዚያ የማከፋፈያ ቦርዱን ለሁለት ክፈሉት። ብዙ ኃይል የሚበሉት አውቶክላቭ (የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት ማምከኛ)፣ የውሃ ማሞቂያና ምድጃ በመስመሩ ብቻ ይሥሩ። ወደ ሶላሩ የሚገባው ይኸው ነው፦ 20 ባለ 10 ዋት አምፖል ለ6 ሰዓት 1.2 ኪሎዋት ሰዓት፣ 4 ባለ 60 ዋት ኮምፒውተር ለ8 ሰዓት 1.9፣ ባለ 350 ዋት የኦክስጅን ማሽን ለ4 ሰዓት 1.4፣ ላቦራቶሪው 0.5፤ ድምሩ 5። ለክረምቱ ደመና በቀን 4 የሙሉ ፀሐይ ሰዓት ያዙ፣ 25 በመቶ ለብክነት ተዉ፤ 1.67 ኪሎዋት ይመጣል። አራት ባለ 450 ዋት ፓኔል ይበቃል። የአንድ ቀን ፍጆታ ለመያዝ ሊቲየም ባትሪ 6.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሁን፤ የአሲድ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች ሲወርድ ቶሎ ስለሚሞት 10 ያስፈልጋል።

የክትባት ማቀዝቀዣው ከዚህ ሂሳብ ይውጣ። የራሱ ፓኔል ያለው፣ ቅዝቃዜውን በበረዶ የሚያከማች ዓይነት አለ፤ ክትባቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ለመጠበቅ የተሻለው እሱ ነው። ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ እንኳ አይቀጠልበት።

አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች በሰኔ ቀትር ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። የአውሮፓ መመሪያ የሚለውን 30 ዲግሪ የፓኔል ዝንባሌ ተዉት፤ 10 ዲግሪ ወደ ደቡብ በቂ ነው። የባህር ዛፍ ጥላ አንድ ፓኔል ላይ ቢያርፍ በተከታታይ የተያያዙትን ሁሉ ሊያዳክም ይችላል። የፓኔሉ ብሎን ከሞራሌው ጋር ይታሰር፤ ቆርቆሮው ላይ ብቻ ከተያዘ ነፋስ ይነቅለዋል። ቀዳዳውም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ስርጓዳ ላይ አይሁን።

በፓኔሉና በኢንቨርተሩ መካከል የሚገባው ብሬከር ለዲሲ (ከፓኔሉ ለሚወጣው ባለ አንድ አቅጣጫ ኤሌክትሪክ) የተሠራ መሆኑን አይታችሁ ተረከቡ። ለመስመሩ ኤሌክትሪክ (ኤሲ) የተሠራ ብሬከር የዲሲን ብልጭታ በአግባቡ ስለማይቆርጥ ሊቀልጥ፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። በአቃቂ በኩል ደግሞ ጥቁሩ ዋልካ አፈር በበጋ ደርቆ ስለሚሰነጠቅ የመሬት ሽቦው ይዳከማል፤ የመሬት ሽቦው ልኬት በመጋቢት ይታይ፣ ሽቦው የሚታሰርበት ብረትም ጠልቆ ይቀበር።

አቧራው በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ማለዳ ላይ፣ ፓኔሉ ሳይሞቅ፣ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ። የባትሪ መተኪያ ገንዘብም ሐምሌ 1 በሚጀምረው በጀት ውስጥ በራሱ ርዕስ ከአሁኑ ይያዝ።