የከሸፈችው ቀለህ

ቶርኖ ቤት የሚሠራ ሰው ምን ብረት እንደሚመጣለት አያውቅም። እኔ ደብረ ማርቆስ ነው የምሠራው። ጠዋት የወፍጮ ዘንግ ይመጣል፣ ከሰዓት የባጃጅ አክስል። አንዳንዴ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ስሙን የማያውቀው ዕቃ ይመጣል። ከነዚህ ሁሉ ያልረሳሁት አንድ ጉጠት ነው።

ያመጡት ከብቸና በኩል የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ከጋቢያቸው ሥር አንድ ጥቅል አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። ከሩቅ ላየው የጥርስ መንቀያ ይመስላል። ሁለት እጀታዎች በአንድ ብሎን ተያይዘዋል። ጫፉ ላይ ሲዘጋ የሚገጥም፣ እርሳስ የሚፈስበት ጉድጓድ አለው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ቀለህ፣ ማለት ባሩድ የሚሞላበት የጥይት ናስ፣ የሚገባበት ቀለበት አለ። በአንዱ ጎን ደግሞ ምን እንደነበረ የማይታወቅ የተሰበረ ጉቶ።

«ይኼ የአባቴ የጥይት መሙያ ነው» አሉ።

አባታቸው በጣልያን ወረራ ጊዜ አርበኛ ነበሩ። ጥይት እንደ ልብ አይገኝም። የተኮሱትን ቀለህ ይለቅማሉ፣ በሎሚና በውኃ ያጥባሉ፣ ማታ ማታ እንደገና ይሞላሉ። ሽማግሌው ይህን ሲያወሩ እጃቸው አብሮ ያጥባል፣ አብሮ ይሞላል። አሁን አንድ ትምህርት ቤት የአካባቢውን ታሪክ ለልጆች ለማሳየት አሮጌ ዕቃ እያሰባሰበ ነው። እሳቸው የሚፈልጉት ጉጠቱ ሲከፈትና ሲዘጋ ልጆቹ እንዲያዩ ነው። ብሎኑ ተበልቶ እጀታዎቹ ይወላገዳሉ።

አለቃችን ጠንቃቃ ሰው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ፣ ቁጥር 1177፣ ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል። «አባባ፣ አንቱን አላጣሁም፣ ግን ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ያምጡልኝ» አላቸው። ሽማግሌው ትንሽ ተቆጡ። ደብዳቤው ግን መጣ። «ጉጠቱን እንጠግናለን። ባሩድ የሚባል ነገር እዚህ ቤት አይገባም» ተባለ። ከጉጠቱ ጋር ግን አንድ የጨርቅ ከረጢት መጥቶ ነበር። ውስጡ ባዶ ቀለህ ነው። ባዶ ቀለህ ደግሞ ያው ናስ ነው ብለን ተቀበልን።

ቀለሆቹ የውጅግራ ናቸው። ውጅግራ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊታቸው የያዙት ጠመንጃ ነው። እኛ አገር በብዛት ገብቶ ዓድዋ ላይ ከዋሉት ጠመንጃዎች አንዱ ሆኗል። አፈሙዙ 11 ሚሊሜትር ነው። ጥይት የሚጎርሰው አንድ በአንድ ነው፣ የሚበላውም ጥቁር ባሩድ። አረሩ፣ ማለት ተወርውሮ የሚሄደው እርሳስ፣ 25 ግራም ገደማ ነው። ቀለሁን በእጄ ስይዘው የሌባ ጣቴን ሊያክል ምንም አልቀረውም።

ጥይት በእጅ መሙላት እንግዳ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1884 ጀምሮ ጆን ባርሎው የሚባል ሰው «አይዲያል» በሚል ስም ልክ እንደዚህ ያለ ጉጠት ሠርቶ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ሪቻርድ ሊ የሚባል ሌላ አሜሪካዊ በመዶሻ ብቻ የሚሠራ መሙያ አወጣ። ጀማሪዎች እስከ ዛሬ ይገዙታል። ፈቃድ ባለበት አገር የዒላማ ተኳሾችና አዳኞች የዕረፍት ቀን ሥራ ነው። ቅደም ተከተሉም አያደናግርም። የተተኮሰችውን ካፕሱል ታወጣለህ። ሲተኮስ የሰፋውን የቀለህ አፍ መልሰህ ታጠብባለህ። አዲስ ካፕሱል ታስገባለህ፣ ባሩድ ትለካለህ፣ አረሩን ትተክላለህ። አለቀ። እንዲህ ሲነገር ቡና ከማፍላት ይቀላል።

ካፕሱል ያልኩት ከቀለሁ ቂጥ ያለችውን ክብ ቆብ ነው። የጠመንጃው መርፌ የሚመታት እሷን ነው። ውስጧ ሲመታ የሚነድ ቅመም አለ። እሳቱ በቀለሁ ወለል ባሉ ቀዳዳዎች ዘልቆ ባሩዱን ያቀጣጥላል። ባሩድ ሰው ሁሉ ይፈራዋል። ካፕሱልን ግን ትንሽ ስለሆነች የሚፈራት የለም። ባሩድ እሳት ካላገኘ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ካፕሱል ግን ምት ብቻ ይበቃታል፤ የተሠራችውም ለምት ነው።

እኔ ብሎኑን ስቆርጥ አንድ ተለማማጃችን ቀለሆቹን ተረከበ። ሥራው ካፕሱሎቹን አውጥቶ ናሱን ማጽዳት ነበር። ልጁ ጎበዝ ነው፣ እጁም ፈጣን ነው። የፍጥነቱን ነገር አለቃችን ብዙ ጊዜ ነግሮታል። በቀለሁ አፍ ቀጭን ዘንግ አስገብቶ መሐል መሐሉን መምታት ጀመረ። ካፕሱሏ ንቅንቅ አልልም አለች። ዘንጉ ጎበጠ። ሌላ አመጣ፣ እሱም ጎበጠ።

ምክንያቱ በኋላ ነው የገባን። ቀለህ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው የወለሉ ቀዳዳ አንድ ነው፣ ልክ መሐል ላይ። ዘንግ ከአፉ ብትሰድ ካፕሱሏን ታገኛትና ትገፋታለህ። ይህ ቦክሰር የሚባል እንግሊዛዊ ያወጣው ዘዴ ነው። በሁለተኛው መሐሉ ድፍን ነው። ከጎንና ከጎኑ ሁለት ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉት። ይህ ደግሞ በርዳን የሚባል አሜሪካዊ ሥራ ነው። የሚያስቀው፣ የእንግሊዛዊው ዘዴ አሜሪካን ወረሰ፣ የአሜሪካዊው ደግሞ አውሮፓን። ሽማግሌው ያመጡት ሁሉ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው። ልጁ ሲደበድብ የነበረው ድፍኑን ናስ ነው። ለማወቅ የስልክ መብራት በአፉ አብርቶ ማየት ይበቃ ነበር።

ልጁ ግን ሌላ ዘዴ መጣለት። ቀለሁን ገልብጦ ሞርሳ ላይ አሰረው። በቀጭን መሮ ካፕሱሏን ከውጭ በስቶ ሊፈነቅላት ነው። መጀመሪያ ግን አያት። የመርፌ ምልክት አለባት፣ ጎድጉዳለች። የተመታች ናት፣ ስለዚህ የተተኮሰች ናት ብሎ አሰበ። በኔ ግምት አብዛኛው ሰው እንደዚያው ያስባል። የመጀመሪያዋ ወጣች። ሁለተኛዋም ወጣች። ሦስተኛዋን ሲመታ ቤቱ ጮኸ።

በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የካፕሱል ድምፅ ቀላል አይደለም። ሞርሳው ሥር ጭስ ብልጭ አለ። መሮው ከእጁ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ሄደ። ከካፕሱሏ አንድ ቁራጭ የግራ እጁን አውራ ጣት ሥር ሰንጥቆት አለፈ። የመከላከያ መነጽር አድርጎ ነበር፤ ያን ቀን ብረት ሲሞርድ ውሎ ሳያወልቀው ቀርቶ ነው እንጂ ለዚህ ብሎ አይደለም። ባሩድ ስላልነበረባት በዚህ አለፈ። ቁስሉን አጥበን አሰርንለት፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ልጁ ከቁስሉ ይልቅ የጨነቀው ጆሮው ነበር። «ጭው ይላል፣ ጭው ይላል» እያለ እስከ ማታ ቆየ።

ሽማግሌው ውጭ ሻይ እየጠጡ ነበር። ከዘራቸውን ይዘው ገቡ።

«ምን ተኮሳችሁ?»

«ባዶ ቀለህ ነው የተኮሰው አባባ!»

ጎንበስ ብለው ሞርሳው ላይ ያለውን አዩ። አልደነገጡም። «ይቺማ የከሸፈች ናት» አሉ። ጥይት ከከሸፈባቸው አባታቸው አይጥሉትም ነበር አሉን። አረሩን ይነቅላሉ፣ ባሩዱን ለሌላ ቀለህ ይገለብጣሉ። ቀለሁ ከነካፕሱሉ ወደ ከረጢቱ ይመለሳል። ካፕሱል በሚገኝበት ቀን ይቀየራል ተብሎ። ያ ቀን ግን አልመጣም። መርፌው አንድ ጊዜ መትቷታል፣ ጎድጉዳለች፣ አልነደደችም። ስንት ዘመን ቆይታ በልጁ መዶሻ ነደደች።

አለቃችን ሥራ አስቆመና ቀለሆቹን አንድ በአንድ በመብራት አየ። ያን ጊዜ ነው ልዩነቱ ፍንትው ብሎ የታየን። የተተኮሰ ቀለህ ውስጡ ጥላሸት ነው። ሲታጠብ እንኳ ወለሉ ላይ ጥቁረት ይቀረዋል። አንዴም ሳይተኮስ የከሸፈው ግን ወለሉ ንጹሕ ነው፣ ቢበዛ አረንጓዴ ዝገት ይዞታል። ልጁ ቂጡን አየ እንጂ ሆዱን አላየም። ሆዱ ንጹሕ የሆነው ሁሉ ለብቻ ተቀመጠ። አንዱ ባልደረባችን «ዘይት ብናንጠባጥብባቸው አይሞቱም?» አለ። አለቃችን አይሆንም አለ። ልክ ነበር። ዘይት የነካው ካፕሱል አንዳንዱ ይሞታል፣ አንዳንዱ የሞተ ይመስላል። የተጠረጠሩት በሙሉ ሳይነኩ ፖሊስ መጥቶ ወሰዳቸው።

ከቀሩት ውስጥ ደግሞ አንገታቸው የተሰነጠቀ ነበሩ። ቀጥ ያለ፣ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ። ማንም አልመታቸውም። ሽማግሌውን ከረጢቱ የት ነበር የኖረው ብንላቸው «ከበቅሎው ጋጥ በላይ ካለው ቆጥ» አሉ። ይህ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ከእንስሳ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ናስን ያሳምማል። እንግሊዞች ሕንድ ውስጥ ጥይታቸውን ፈረስ ጋጥ አጠገብ አስቀምጠው በዝናቡ ወራት እየተሰነጠቀ አስቸግሯቸዋል። እንዲህ ያለ ቀለህ እንደገና ቢሞላ እሳቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት ሊተነፍስ ይችላል።

ሽማግሌው አንድ ነገር ጠየቁን። «የዛሬውን የክላሽ ባሩድ በዚህ ማንኪያ ቢሰፍሩት ይተኩሳል?» ማንኪያ ያሉት ከጉጠቱ ጋር ያለችውን የባሩድ መስፈሪያ ነው። ለማወቅ ያህል ነው የጠየቁት፣ አለቃችን ግን ፊቱ ተለዋወጠ። ጥቁር ባሩድ ቀለሁን ሞልቶ ነው የሚሰፈረው፣ ክፍተት አይተውም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ለጠመንጃ ያዋሉት ጭስ አልባው ባሩድ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። በዚያው መስፈሪያ ቢለካ ጠመንጃውን ከነያዥው ይበትነዋል። ዛሬ የሚሞሉት ሰዎች በግራም ክፍልፋይ በሚዛን የሚለኩት ለዚህ ነው። «እንኳን ልሞክረው፣ ጠመንጃውም የለኝ» ብለው ሳቁ።

ጉቶውም ምሥጢሩ ወጣ። ባለ ሁለት ቀዳዳ ቀለህ ከውስጥ አይገፋም ብለናል። ስለዚህ ካፕሱሏ ከውጭ መፈንቀል አለባት። ጉቶው የዚያ የፈንቃዩ ኩላብ ሥር ነበር። እኛ ብሎን ስንቀይር አንዱን ዋና ነገር ሳናየው ልንመልሰው ነበር። ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ ኩላቡን ሠራሁለት። አፉን በሞረድ አሾልኩት፣ አግዬ በዘይት አቀዘቀዝኩት። ጥላሸት ባለበት ቀለህ ሞከርነው። እጀታው ቀስ ብሎ ሲጨመቅ ኩላቡ ካፕሱሏን ጠርዟ ላይ ይይዝና ያነሳታል። መዶሻ የለም፣ ምት የለም። ያን ጉጠት የቀረጸው ሰው ከኛ በፊት አስቦበታል።

ለትምህርት ቤቱ አንድ ሙሉ የሚመስል ጥይት አብሮ እንዲታይ ተፈለገ። ካፕሱል የሌለው ቀለህ መርጠን ከአሉሚኒየም አረር አስመስዬ ቀረጽኩለት። ከዚያ አለቃችን ቀለሁን ትራፓኖ ላይ አድርጎ ሆዱን ወደ ጎን በሳው። ማንም ሰው ከሩቅ አይቶ ባዶ መሆኑን እንዲያውቅ የሚደረግ ነው። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ ግን ከፍንዳታው ይልቅ አዘኑ።

«የአባቴን ቀለህ ወነፊት አደረጋችሁት!»

«አባባ፣ ልጆች ናቸው የሚነኩት። ሙሉ ነው ባዶ ነው ብለው ሲከራከሩ መምህሩ ምን ይበል?»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ሂሳብ ጠየቁ። አለቃችን ብሎኑን፣ ኩላቡን፣ አረሩንና ቀዳዳውን በተራ ቆጠረላቸው።

«ለኩላቡ እከፍላለሁ» አሉ ከረጢታቸውን እየፈቱ። «ለቀዳዳው ግን አንድ ብር አታገኝም።»

አለቃችን የቀዳዳውን ሂሳብ ሰረዘው።