ሳታንኳኳው?

ወዳጆቼ፣ አንባቢዎቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ! በተለይ ያለፈው ዓመት ሐዘን ለገባበት ቤት፣ ይህኛው የዕረፍት ይሁንላችሁ።

የምጽፍላችሁ ከጅማ፣ ከእናቴ ቤት ነው። ክረምቱ ገና ጠቅልሎ አልወጣም፤ ሌሊት የዘነበው ከቆርቆሮው ጠርዝ ይንጠባጠባል። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፤ ጎረቤታችን የሆኑት ሙስሊም እናትም ለአቦሉ ደርሰዋል።

ልብ ወለዱ የት ደረሰ እያላችሁ ስትጠይቁኝ ከርማችኋል። ታሪኩ የሚካሄደው በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ በሂርማታ ገበያ ነው። የዛሬዋ ጅማ ያደገችው በዚያ ገበያ ዙሪያ ነው። አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው ግዛታቸውን ከጦርነት እንዳተረፉ መጻሕፍት ይነግሩኛል፤ ጂሬን ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸውም ዛሬ ድረስ ቆሞ ይታያል። የአንዲት ቅቤ ሻጭ የገበያ ውሎ ግን የትም ተጽፎ አላገኘሁትም።

በጳጉሜን አንድ ምሽት ያንን ምዕራፍ ለእማዬ አነበብኩላት። ዓይኗ ስለደከመ አሁን የምታነበው በእኔ አፍ ነው። ቅቤ ሻጯ ማርትሬዛ ብሩን ተቀብላ መቀነቷ ውስጥ ስትቋጥር እማዬ አስቆመችኝ።

«ዝም ብላ ተቀበለች?»

«አዎ።»

«ሳታንኳኳው?»

ተነሥታ ከሣጥኗ ሥር አንድ የጨርቅ ቋጠሮ አወጣች። የአያቴን ብር አውቀዋለሁ። ፊቱ ላይ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ አለች፤ ጀርባው ላይ 1780 ይላል። እሷ በዚያው ዓመት ብትሞትም ብሩ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ያንኑ ቁጥር ይዞ ይወጣ ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። ይህ ሁሉ ማስታወሻዬ ውስጥ አለ። ድምፁን ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

እማዬ ብሩን ምድጃው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ጣለችው። ጥርት ያለ፣ ረዘም ያለ ድምፅ ሰጠ፤ የሚንጣጣው ቡና እንኳ አልሸፈነው። «እናቴ እንዲህ አድርጋ ነበር የምትለየው። እርሳስ የገባበት ድም ብሎ ይቀራል» አለችኝ። ልጄ ደግማ ደጋግማ አስጣለቻት።

ሌሊቱን ምዕራፉን አፍርሼ እንደገና ስጽፍ አደርኩ። እየጻፍኩ ሳለ ግን አንድ ነገር እጄን ያዘኝ። በዚያ ገበያ የተሸጠው ቡናና ማር፣ ቅቤና ዝባድ ብቻ አይደለም፤ ሰውም ተሽጦበታል። ያ ጥርት ያለ ድምፅ ለሰው ዋጋም ተሰምቷል። የእናቷን ማስታወሻ እንዳላጎድፍባት እየፈራሁ ጠዋት ለእማዬ ነገርኳት። ስኒዎቹን ረከቦቱ ላይ እየደረደረች ዝም ብላ ቆየች።

«የተሸጠችውም እናት ነበራት» አለች በመጨረሻ። «እሷንም ጻፊያት።»

አሁን ቅቤ ሻጯ ብሩን ድንጋይ ላይ ስትጥል፣ ከገበያው ማዶ የቆመች አንዲት ልጅ ድምፁን ሰምታ ቀና ትላለች። ስሟን ገና እየፈለግኩላት ነው። መጽሐፉ የሚዘገየው በእሷ ምክንያት ነውና ታገሡኝ።

ልጃገረዶቹ አደይ አበባ ይዘው በሩ ላይ «አበባየሆሽ» እያሉ ነው። እማዬ «ዝናቡ ሳይመታቸው ክፈቺላቸው እንጂ!» ትለኛለች። መልካም አዲስ ዓመት!