የሚንበረከክበት አቅጣጫ፦ ድንገተኛ የጋብቻ ጥያቄን ፎቶ ስለ ማንሳት

በቅርቡ ባነሳኋቸው ድንገተኛ የጋብቻ ጥያቄዎች ሁሉ የጠያቂው ፊት፣ የፍቅረኛው ፊትና የቀለበቱ ሳጥን በአንድ ፍሬም ውስጥ በግልጽ ታይተውልኛል። ለሠርግ ፎቶ አንሺ ይህ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ሠርግ ላይ ግን ያመለጠን ነገር «እስቲ አንዴ ድገሙልኝ» ማለት ይቻላል፤ እዚህ ከመንበርከክ እስከ መተቃቀፍ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፣ የመጀመሪያው ድንጋጤም ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ መሻሻሉ ከየት እንደመጣ፣ ገና ያልተቃናልኝም ምን እንደሆነ በዚሁ ሥራ ለምትደክሙ ባልደረቦቼ ላካፍል ወደድሁ። እስካሁን የገጠሙኝ ጠያቂዎች ወንዶች ስለነበሩ አጻጻፌም በዚያው መልክ ነው።

የካሜራውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ከቤት ውጭ፣ ብርሃን ባለበት፣ የመዝጊያውን (ብርሃን የሚያስገባውን መጋረጃ) ፍጥነት ከ1/500 ሰከንድ አላወርድም፤ በድንጋጤ ወደ አፍ የሚሄድ እጅ ፈጣን ነውና። አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ንቃት) ለካሜራው እተውለታለሁ፣ ፎከሱን የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ እንዲያጠራ ተከታታይ አደርገዋለሁ፣ በሮው (ባልተነካካ ጥሬ ፋይል) አነሳለሁ። አዝራሩን ተጭኖ አለመልቀቅን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። በሰከንድ 10 ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ጊዜያዊ ማከማቻው ሞልቶ መንቀርፈፍ የሚጀምረው ቀለበቱ ጣት ላይ በሚገባበት ቅጽበት ሊሆን ስለሚችል፣ በአጭር በአጭሩ እየቆረጥሁ ማንሳትን እመርጣለሁ።

ለረጅም ጊዜ አልፈታ ያለኝ ችግር የጀርባ ጉዳይ ነው። ጠያቂው ሲንበረከክ ወዴት እንደሚዞር የሚወስነው ፍቅረኛው የቆመችበት አኳኋን ነው። ሁለቱ መልካም እይታ ያለበት ቦታ ሲደርሱ እሷ ወደ እይታው ትዞራለች፤ እሱም ከፊቷ መጥቶ ይንበረከካል፤ ከኋላ ለቆመው ፎቶ አንሺ የሚደርሰው ፀጉሯ ብቻ ይሆናል። በዚያች ሰዓት እየሮጡ ዞሮ መምጣት ደግሞ ድንገተኛውን ነገር ማበላሸት ነው። የትኛውም ውድ ሌንስ ይህን አይፈታውም፤ የሚፈታው ከጠያቂው ጋር አስቀድሞ የሚደረግ ዝርዝር ንግግር ብቻ ነው።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ቀደም ብዬ ወደ ቦታው እሄድና እኔ ከምቆምበት ነጥብ ላይ ሆኜ ቦታውን በስልክ አነሳዋለሁ። በፎቶው ላይ የእሱንና የእሷን መቆሚያ በሁለት ነጥብ አመልክቼ እልክለታለሁ። ምልክት የምናደርገው የማይንቀሳቀስ ነገር ነው፤ የመብራት ምሰሶ ወይም የደረጃ ጫፍ ይሆናል። አግዳሚ ወንበርን አልመክርም፤ እነሱ ሲደርሱ ሰው ተቀምጦበት ይገኛልና። ከዚያ ሁለት እጆቿን ይዞ እሱ ራሱ እንዲዞር አስረዳዋለሁ፤ እጇ የተያዘ ሰው ሳያውቀው አብሮ ይዞራል፤ እይታው ከፊቷ መሆኑ ቀርቶ ከጎኗ ይሆናል። በሁለቱ መካከል የሚሰመረው መስመር ከእኔ ወደ እነሱ የሚሰመረውን በመስቀል ካቋረጠው ሁለቱም ከጎን ይታዩኛል።

የጉልበቱም ነገር ቀላል አይደለም። መሬት የሚነካው ለካሜራው የቀረበው ጉልበት መሆን አለበት፤ አለዚያ ወደ ላይ የቀረው ጉልበት ደረቱንና ሳጥኑን ይሸፍናል። ሳጥኑን ደግሞ ከካሜራው በራቀው እጁ፣ ከደረቱ ከፍታ ሳያሳልፍ ቢይዘው ክንዱ ፊቱን አይጋርድበትም። ይህን ሁሉ በቃል ሰምቶ የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም፤ ስለዚህ ብቻውን ቤት ውስጥ ደጋግሞ እንዲንበረከክ እነግረዋለሁ። ስቆ የሚያልፈው ይበዛል፤ የተለማመደው ግን ከፎቶው ያስታውቃል። ከሁሉም በላይ የምለምነው ቶሎ እንዳይነሳ ነው። የደነገጠ ሰው ቃሉን ሳይጨርስ ብድግ ይላል፤ መልሷን እስኪሰማ ድረስ እዚያው እንዲቆይ ማስማል ብቻ ነው የቀረኝ።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ልክ ከጎን ከማንሳት ይልቅ ወደ እሱ ትከሻ ኋላ ጠጋ ብሎ የእሷን ፊት ሞልቶ ማንሳት ይሻላል ይላሉ። እኔም አሁን ወደዚያው አዘንብያለሁ፤ እሱ የሚሆነውን ያውቃል፣ ያላወቀችው እሷ ናት። ሆኖም ይህ ዋጋ ያስከፍላል። በመካከላቸው አንድ ሜትር ያህል ቢኖርና በ45 ዲግሪ አንግል ብናያቸው፣ ከእኛ ያላቸው ርቀት በ70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይለያያል። ባለ ሙሉ ፍሬም ካሜራ (ትልቅ የምስል መቀበያ ያለው) ሩቁን በሚያቀርብ በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በኤፍ/2.8 (የሌንሱ ቀዳዳ ሰፍቶ)፣ ከ10 ሜትር ርቀት ሲያነሳ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ከሁለቱ አንዱ መደብዘዙ አይቀርም። ወደ 15 ሜትር ሲሸሹ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ሊሞላ ይቃረባል፤ ቀዳዳውን አጥብበው ኤፍ/4 ሲያደርጉት ደግሞ ያልፋል። ዳራን ለማደብዘዝ ሲባል ኤፍ/2.8 ላይ ሙጥኝ ማለት እዚህ አያዋጣም። በዚሁ በ15 ሜትር ርቀት 200 ሚሊ ሜትር፣ ካሜራው አግድም ሲያዝ፣ ከላይ እስከ ታች የሚይዘው 1.8 ሜትር ያህል ነው፤ ለቆመ ሰው ጠባብ ነውና እስኪንበረከክ ድረስ ሌንሱን እይታው በሚሰፋበት 135 ሚሊ ሜትር አካባቢ አቆየዋለሁ።

መደበቅን በተመለከተ ያለኝ አቋም ጠንካራ ነው፤ ዛፍ ሥር የሚሽሎኮለክ ሰው ከሁሉም ቀድሞ ዓይን ይስባል። በግልጽ ቆሞ ሌላ ሌላውን ፎቶ የሚያነሳን መንገደኛ ግን ማንም ልብ አይለውም። ምልክት ካስፈለገ ኮፍያ ማውለቅ በቂ ነው። የጫማ ማሰሪያ ለማሰር ማጎንበስን ግን ፈጽሞ አትስማሙ፤ የቱ ምልክት፣ የቱ እውነተኛው መንበርከክ እንደሆነ ሳይለይላችሁ ይቀራል። ሰው በሚበዛበት ቦታ ደግሞ ዓይን ፈልጎ የሚይዘው ፎከስ ወደ አላፊ አግዳሚው ሊዘል ስለሚችል፣ በአንድ ነጥብ ብቻ እሷ ላይ አቆየዋለሁ።

የምሽቱ ነገር ገና አልተሳካልኝም። ድምፅ አልባው ኤሌክትሮኒክ መዝጊያ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ በ50 ኸርዝ ኃይል የሚሠሩና በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶች ሥር ፊት ላይ ጥቁር ሰንበር ይጥላል። በሜካኒካል መዝጊያ 1/100 ሰከንድ ሳደርገው ሰንበሩ ይጠፋል፣ ነገር ግን እጆቿ ይደበዝዛሉ፤ ድምፁም ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ይሰማል። ለጊዜው የምመርጠው የደበዘዘውን እጅ ነው፤ ጠያቂው ቀኑን እንዲመርጥ ከፈቀደልኝ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲያደርገው እወተውታለሁ።

መልሷ እሺታ ባይሆንስ የሚለውንም አስቀድሜ እነጋገርበታለሁ። ያኔ ካሜራዬን አውርጄ፣ ራሴን ሳልገልጥ፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ እሄዳለሁ፤ ፎቶዎቹም እሱ ካልጠየቀ በቀር አይከፈቱም። እሺ ካለችም ወዲያው ዘልዬ አልገባም፤ ተቃቅፈው እስኪላቀቁና እሱ ወደ እኔ እስኪያመለክት እጠብቃለሁ። ሥራውን ለሌላ ሰው የማሳየው እሷም ፎቶዎቹን አይታ ስትፈቅድ ነው፤ ካሜራ መኖሩን ሳታውቅ ተነስታለችና የእሱ ፈቃድ ብቻውን አይበቃኝም።